ስጦታው ቀጥሏል፤ መመርመሩስ?



እዚህ በደብረ ታቦር ከወጣቶቻችን፣ በተለይም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ፈውስ፣ ትንቢት፣ በልሳን መናገር ዛሬም አለ? ወይስ ከሐዋርያት ጋር አብቅቷል?» ይሉናል። አንዳንዶቹ በስልካቸው የውጭ አገር መምህራንን እየሰሙ «አብቅቷል» የሚለው ትምህርት ልባቸውን ይዞታል። ሌሎቹ በቴሌቪዥን የሚያዩት «ነቢይ» የሚያደርገውን አይተው «ይህ በእኛ ጉባኤ ለምን አይታይም?» ብለው ያዝናሉ። አንዳንዴም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይገኛሉ።

መልሳችንን ሳናዘገይ እንስጥ። ስጦታዎቹ አላበቁም ብለን እናምናለን። ነገር ግን «ሁሉም ስጦታ ቀጥሏል» ከሚሉት ጉባኤዎች ብዙዎቹ አንዱን ስጦታ በገዛ እጃቸው እንዲቆም አድርገዋል። እርሱም ጳውሎስ ከፈውስና ከትንቢት ጋር በአንድ ዝርዝር ያስቀመጠው መናፍስትን የመለየት ስጦታ ነው (1ኛ ቆሮ. 12፥10)። ዛሬ ምእመናንን እያቆሰለ ያለው የስጦታ መብዛት ሳይሆን የዚህ የአንዱ መጥፋት ነው።

አብቅቷል የሚሉት ምን ይላሉ?

ስጦታዎቹ አብቅተዋል የሚሉትን ወንድሞች በጥሞና ልንሰማቸው ይገባል። መጽሐፍ ቅዱስን የናቁ ሰዎች አይደሉም። ሐዋርያትና ነቢያት የቤተ ክርስቲያን መሠረት ናቸው፤ መሠረት ደግሞ ሁለት ጊዜ አይጣልም ይላሉ (ኤፌ. 2፥20)። ምልክትና ድንቅ የተሰጠው ጌታን በጆሯቸው የሰሙት ምስክሮች ቃል እንዲጸና ነው፤ ቃሉ ጸንቶ ተጽፏል፤ እንግዲህ ምልክቱ ሥራውን ጨርሷል ይላሉ (ዕብ. 2፥3-4)። አሜሪካዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ቤንጃሚን ዋርፊልድ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ሐሰተኛ ተአምራት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ክርክር በሰፊው አቅርቦታል። ከክርክሩ ጀርባ ያለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። «ጌታ ተናገረኝ» የሚል ሰው ሁሉ ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ካስቀመጠ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትቆምበት መሬት አይኖራትም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ ከዚያ መደምደሚያ ላይ አያደርሰንም። ጳውሎስ ትንቢትና ልሳን የሚሻሩት ፍጹም የሆነው ሲመጣ ነው ካለ በኋላ፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊት እንደምናይ ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 13፥8-12)። ፊት ለፊት ያየንበት ቀን ገና አልመጣም። ለእነዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች የጌታን መገለጥ በሚጠባበቁበት ዘመን ስጦታ እንደማይጎድልባቸው ጽፎላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 1፥7)። ጴጥሮስም በጰንጠቆስጤ ቀን የተስፋውን ቃል ለሰሚዎቹ ብቻ ሳይሆን ለልጆቻቸውና በሩቅ ላሉት ሁሉ አድርሶታል (ሐዋ. 2፥39)። ከሩቆቹ መካከል የጉና ተራራ ሥር ገበሬም አለበት።

ስለ መሠረቱ ግን ወንድሞቻችን ልክ ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንዲት ቃል የሚጨምር ሐዋርያ ዛሬ የለም። ነገር ግን ትንቢት ሁሉ መጽሐፍ አልነበረም። የወንጌላዊው የፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆች ይተነብዩ ነበር (ሐዋ. 21፥9)፤ ከተናገሩት አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈልንም። እንዲህ ያለ፣ ጉባኤን የሚያንጽ ነገር ግን ከቃሉ በታች የሚኖር ትንቢት በሐዋርያት ዘመንም ነበረ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይረዳናል። ታላቁ አባት አውግስጢኖስ በወጣትነት አገልግሎቱ እንደ ሐዋርያት ዘመን ያለ ተአምር እስከ እርሱ ዘመን አልዘለቀም ብሎ ጽፎ ነበር። በሽምግልናው ግን «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በ22ኛው ክፍል በዘመኑ የተፈጸሙ ፈውሶችን ዘርዝሯል። በሚያገለግልባት በሂፖ ከተማ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 70 የሚጠጉ የጽሑፍ ምስክርነቶች መሰብሰባቸውንም ይናገራል። ነገሩ በወሬ እንዳይቀር በጽሑፍ እንዲሰፍርና በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አደረገ። በፈውስ ያመነው ሰው፣ ምስክርነቱ እንዲመዘገብም የሚጠይቅ ሰው ነበር።

አባቶቻችን የከፈሉት

በእኛም አገር ጉዳዩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሐዋሳ፣ በአዳማና በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ሲወርድ፣ ከሚሲዮናውያንም ከነባር አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎች በጥርጣሬ ተመልክተውታል። ከዚያ መነቃቃት የወጣችው ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠሩ አማኞች ተሰብስበው ሳለ ተይዘው ታሰሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ አምልኮው ወደየቤቱ ገብቶ በሹክሹክታ ሆነ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጉዳዩን በምክክር መርምራ፣ መነቃቃቱን ከማባረር ይልቅ በትምህርትና በእረኝነት ልትይዘው መረጠች።

እነዚያ ወጣቶች ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ ጌታ ሄደዋል። ድምፅ ማጉያም፣ ካሜራም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በሌለበት ቤት በሽተኛ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩ። ስለ ስጦታው ዋጋ ከፈሉ እንጂ በስጦታው ዋጋ አልጠየቁም። ዛሬ «ስጦታ ቀጥሏል» የሚል ሰው ሁሉ የእነርሱ ወራሽ ነኝ ይላል። ውርሱ ግን የሚታወቀው በጩኸቱ ሳይሆን በአካሄዱ ነው።

ተአምር የለም የማይባልበት አገር

በደቡብ ጎንደር ደጋ የምናገለግል ሰዎች አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። እዚህ አገር ተአምር የለም የሚል ጎረቤት የለንም። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ተአምረ ማርያም ሲነበብ ያደጉ፣ ልጃቸው ሲታመም ጠበል የሚያስጠምቁ ናቸው። ከዚህም ወጣ ብሎ በድብቅ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ፣ «አዋቂው ነገረኝ፤ ደረሰም» የሚል ሰው ሞልቷል። ስለዚህ የአውሮፓ መምህር ተአምር አለ ብሎ ለማሳመን የሚደክመውን ያህል እኛ መድከም አያስፈልገንም። በዚህ ምድር «ኃይል አለ» ማለት ገና ምንም አለመናገር ነው። ጥያቄው ኃይሉ ከማን ነው፣ ወዴትስ ይመራል የሚለው ነው። ሙሴ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ሰውየው ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራ ከሆነ አትስሙት ያለው ለዚህ ነው (ዘዳ. 13፥1-3)። የተፈጸመ ትንቢት ሁሉ የጌታ ትንቢት አይደለም።

ከከተማችን ብዙ የማይርቀው ጋፋት ታሪክም የሚያስተምረን አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ሚሲዮን የተላኩ፣ እጅ ጥበብ የሚያውቁ ወንጌላውያን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ሠፈሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ይዘው ነበር የመጡት። ንጉሡ ግን ከእጃቸው የፈለገው መድፍ ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጣ። ንጉሡን አላዳነውም፤ መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በእነዚያ ሰዎች ልንፈርድ አይደለም፤ በንጉሥ እጅ የነበረ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ነገር ግን መልእክተኛ ስለ መልእክቱ ሳይሆን ስለሚያሳየው ኃይል ብቻ ሲፈለግ ምን እንደሚሆን እናይበታለን። ዛሬም ሕዝብ ከአገልጋይ መድፍ ይጠይቃል። አገልጋዩም ወንጌሉን አስቀምጦ መድፍ ወደ መሥራት ሊገባ ይችላል።

ተራራውና ግርጌው

የምንኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከታቦር ተራራ ነው። ወንጌላቱ ጌታ የተለወጠበትን ተራራ ስም አይጠሩም፤ ትውፊት ግን ታቦር ይለዋል። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹና ችቦ ሲበራ እያየን ያደግን ሁሉ ታሪኩን እናውቀዋለን። ለጥያቄያችን ከዚህ ታሪክ የሚበልጥ መልስ የለም።

በተራራው ራስ ላይ ጴጥሮስ ክብሩን አይቶ ዳስ ሠርቶ መቅረት ፈለገ። ከደመናው የመጣው ድምፅ ግን ልጁን ስሙት አለ። የክብር መገለጥ ፍጻሜው ክርስቶስን መስማት ሆነ።

በግርጌው ደግሞ አንድ አባት የሚጥለው በሽታ የያዘውን ልጁን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ ሊያወጡለት አልቻሉም (ማር. 9፥14-29)። ጌታ ሲመጣ ልጁን «እምነት ስለሌለህ ነው» አላለውም። አባቱ እምነቱ ግማሽ መሆኑን እያለቀሰ ተናገረ፤ ያም ልጁን ከመዳን አላገደውም። በኋላ በቤት ለብቻቸው «እኛ ለምን አልቻልንም?» ብለው የጠየቁት አገልጋዮቹ ናቸው፤ ጌታም ወደ ጸሎት መለሳቸው። እንግዲህ ፈውስ ባልሆነ ጊዜ ራሱን የሚመረምረው አገልጋዩ ነው እንጂ በሽተኛው አይደለም። ዛሬ በብዙ መድረክ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ያልዳነው ሰው በሽታውን ይዞ ከመሄዱ በላይ «እምነት የለህም» የሚል ሸክም ተጨምሮበት ይሄዳል።

ሦስተኛው ነገር ጴጥሮስ ከብዙ ዘመን በኋላ የጻፈው ነው። በቅዱሱ ተራራ ላይ ድምፁን በጆሯችን ሰምተናል ካለ በኋላ፣ ከዚያ ይልቅ የጸና የትንቢት ቃል እንዳለንና ወደ እርሱ መጠንቀቅ እንዳለብን ያሳስባል (2ኛ ጴጥ. 1፥16-19)። ድምፁን የሰማው ሰው ራሱ ወደ ተጻፈው ቃል ከመራን፣ «ሕልም አየሁ» የሚለን ሰው ከጴጥሮስ አይበልጥም።

መመርመር አለማመን አይደለም

«መመርመር መንፈስን ማጥፋት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጳውሎስ መንፈስን አታጥፉ፣ ትንቢትን አትናቁ ባለበት በዚያው አንደበት ሁሉን ፈትኑ ብሏል (1ኛ ተሰ. 5፥19-21)። ሁለቱን የሚያጣላው የእኛ ችኮላ ነው እንጂ ሐዋርያው አላጣላቸውም። ጌታም ለምጻሞችን ሲያነጻ «ሂዱና ለካህኑ ራሳችሁን አሳዩ» የሚል ትእዛዝ ሰጣቸው (ሉቃ. 5፥14፤ 17፥14)። በሙሴ ሕግ ለምጽን የሚመረምረው ካህኑ ነበር። እውነተኛው ፈዋሽ የፈወሰውን ሰው ለምርመራ ላከ። ከምርመራ የሚሸሽ ፈውስ ታዲያ ከማን የተማረ ነው?

መመርመር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን አካባቢያችን በሌላ መንገድ አይቶታል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ብዙ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ተያዘ። ሰውነታቸው ከሳ፤ ሆዳቸው አበጠ። መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በላቦራቶሪ ሲመረመር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያም በድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እርዳታ ሕክምናው ተጀመረ። በሽታው ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ይሞት ነበር። መንፈሳዊውም ነገር እንዲሁ ነው። ማቴዎስ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በሚጥል በሽታ የተያዙትንና ሽባዎቹን ለይቶ ይጠራል (ማቴ. 4፥24)። እያንዳንዱን ትኩሳትና እያንዳንዱን ጭንቀት «መንፈስ ነው» የሚል አገልጋይ ወንጌሉ የለየውን ቀላቅሏል።

መለየት ሲቀር የሚሆነውን መላው አገር አይቷል። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በኦሮሚያ አንዲት ትንሽ ከተማ ራሱን ነቢይ ያለ ሰው «እንደ አልዓዛር አስነሣዋለሁ» ብሎ የሐዘንተኛ ቤተሰብን የተቀበረ አስከሬን አስቆፈረ። ሙት አልተነሣም፤ ሰውየውን ፖሊስ ያዘው። ዓለም ሳቀብን። በዚያ መቃብር አጠገብ ግን ተስፋ ተሰጥቷቸው ሐዘናቸው እንደገና የተጀመረ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዜና የማይሆነው ነው፤ «ድነሃል፣ ክኒኑን ጣል» ተብሎ የኤችአይቪ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ያቆመ፣ በጸጥታም የተቀበረ ምእመን። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን ለሕዝባቸው ተናግረዋል። የወንጌል አማኝ መሪ ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ ቢናገር ስንቱ በተረፈ ነበር!

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማንም አገልጋይ ማንንም መድኃኒት አቁም አይበል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። የጳውሎስ ጨርቅ በሽተኛ ፈውሶ ነበር፤ ጳውሎስ ግን በሽተኛ ባልደረባ ነበረው። ጌታ ፈውሶህ ከሆነ ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒቱን ያቆምልሃል፤ ክብሩም የጌታ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የፈውስ ምስክርነት በዚያው ምሽት ወደ መድረክ አይቸኩል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሰውየው ይመርመር፤ ሽማግሌዎች ይጠይቁት፤ ከወራት በኋላም ምስክርነቱ ጸንቶ ይቁም። እውነተኛ ፈውስ በመቆየት አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ትንቢት በሽማግሌዎች ፊት ይነገር፤ ይመዘንም። ጳውሎስ ሁለት ወይም ሦስት ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩ ብሏል (1ኛ ቆሮ. 14፥29)። ጋብቻን፣ መሬትን፣ ዘመድ መካሰስን የሚነካ «ቃል» በጓዳ ወይም በስልክ ከመጣ አትቀበሉት። «ታመህ ያለኸው አማትህ ስላስደገመችብህ ነው» የሚል ቃል ስንት ቤት አፍርሷል! ይህ የጠንቋይ ቤት ቋንቋ ነው፤ በጌታ ስም ስለተነገረ አይቀደስም። ተነግሮ ያልተፈጸመ ትንቢትም በዝምታ አይታለፍ፤ የተናገረው ሰው በጉባኤው ፊት ይጠየቅበት (ዘዳ. 18፥22)።

አራተኛ፣ ከጸሎት በፊትም በኋላም ዋጋ አይጠየቅ። ዘይት፣ ውኃና ጨርቅ አይሸጥ። ኤልሳዕ የንዕማንን ወርቅ አልተቀበለም፤ ተከትሎ የሮጠው ግያዝ የንዕማንን ለምጽ ይዞ ተመለሰ (2ኛ ነገ. 5)።

አምስተኛ፣ እንጸልይ። ይህን የምንለው ስጦታ አብቅቷል ለሚሉት ወንድሞችም ነው። ሐሰተኛውን ፈርቶ በሽተኛን ሳይጸልዩለት መቅረትም አለመታዘዝ ነው። ያዕቆብ የታመመው ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል (ያዕ. 5፥14)። በሽተኛው ወደ መድረክ አይጎተትም፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው ወደ አልጋው የሚሄዱት። ከላይ ጋይንት ወይም ከስማዳ ታማሚ ይዞ ወደ ሐኪም የሚወርድ ቤተሰብ መንገዱን፣ ወጪውን፣ ወረፋውን ያውቃል። ወደ ባሕር ዳር ሂዱ ከተባለ ደግሞ ከደብረ ታቦር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ለዚህ ሰው ከጎኑ የሚጸልይ፣ ለመሳፈሪያው የሚያዋጣ፣ ሆስፒታል የሚያድርለት ጉባኤ የመንፈስ ቅዱስ ጉባኤ ነው። ርኅራኄና እርዳታም በዚያው በስጦታዎች ዝርዝር ውስጥ ተጽፈዋል (1ኛ ቆሮ. 12፥28፤ ሮሜ 12፥8)።

በመጨረሻም ታማችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ቃል አለን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ኑ፤ ሽማግሌዎች ይጸልዩላችኋል። መድኃኒታችሁን ውሰዱ። ጌታ ቢፈውሳችሁ ሄዳችሁ ለሐኪም ታዩ፤ ከዚያም በደስታ መስክሩ። ፈውሱ ቢዘገይ፣ በዚህ ምድር ባይመጣም እንኳ፣ በእናንተ ላይ ጣት የሚቀስር አይኑር። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥8-9)፤ እምነት አንሶት አልነበረም። ፊት ለፊት የምናየው ቀን ሲመጣ ስጦታዎች ሁሉ ያበቃሉ፤ በሽታም አብሮ ያበቃል። እስከዚያው ድረስ መንፈስን አናጥፋ፤ ሁሉንም እንመርምር፤ መልካሙን አጥብቀን እንያዝ።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።